ሩቅና ክር

እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ባለቤቱ እግሩን አጥቦ፥ ማዕድ አቅርቦ ካሳረፈው በኋላ «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቁ የቈየ ልማድ ነው። ከባዕድ አገር የሚመጣ ቃል ግን ብዙውን ጊዜ ጠያቂ ሳያገኝ ይገባል፤ ሰው ሁሉ አገሩንና ወላጁን ሳይመረምር በገበያና በመንገድ ሲናገረው ይኖራል፤ ጥቂት ዓመታትም ካለፉ በኋላ የቤት ልጅ ይመስላል። በዛሬው ዘመን በኢትዮጵያ ከተማና ባላገር እንዲህ ሆነው ከገቡት ቃላት አንዱ «ቴሌ» የሚባለው ነው።

በጎጃም ካሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች በአንደኛው ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ አንድ መሪጌታ አሉ፤ ተማሪዎቻቸው እንደ ወጉ «የኔታ» ይሏቸዋል። እኒህ መምህር ቃልን ዘሩን ሳይጠይቁ አያሳልፉም። ግስ ሲያስቈጥሩ ተማሪው ወጣ የሚለውን ሠረቀንና ሰው የሚያውቀውን የሌባውን ሰረቀን ያሳሳተ እንደ ሆነ «ፀሐይን ሌባ አደረግሃት» ብለው ይገሥጻሉ።

የኔታ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከሦስት ዓመት በፊት፥ በአንድ ክብረ በዓል ሌሊት፥ አባትዋ በማሕሌት ቆመው ሳሉ ለእናትዋ ብቻ ነግራ ወጣች፤ ወደ ዐረብ አገርም ለሥራ ሄደች። መምህሩ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መደቧን ባዶ አገኙት። ሳያስመርቅ የሄደ መንገደኛ ደርሶ አይመለስም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩና ነገሩ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርስዋ ጋር ቃል አልተለዋወጡም። ልጂቱ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በስልክ ትጠራለች፤ እናትዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያነጋግሯታል፤ መምህሩ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ይወጡና ከደጅ ካለው ወይራ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «ቡራኬ በእጅ ነው፤ እጅ ከማይደርስበት ቡራኬ አይደርስም፤ ሥጋ የሌለውን ድምፅ ምን ብዬ ልባርከው?» ይሉ ነበር።

ከዕለታት አንድ እሑድ የተለመደው ሰዓት ደረሰና ስልኩ ዝም አለ። እናት ስልኩን ጭናቸው ላይ አኑረው እስከ ማታ ጠበቁ፤ ከወይራው ሥር ያሉትም ከወትሮው ዘግይተው ገቡ። በማግሥቱ መምህሩ አንዱን ልጅ እግር ተማሪ፥ ነገሩ ግድ እንዳልሰጣቸው ሰው፥ «ትናንት ምን ሆኖ ነው ያ ነገር ያልጮኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «የኔታ፥ ትናንት ቴሌ አይሠራም ነበር» አላቸው።

«ቴሌ ማነው?»

«ስልኩን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ነው።»

«የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠየቅሁህም። ቃሉ ምንድር ነው? ዘሩ ከየት ነው?»

ልጁ መልስ አጣ። መምህሩም በዚያ ሳምንት ቃሉን ከአፋቸው አላወጡትም። ስለ ልጃቸው ለመጠየቅ ልባቸው እንቢ ቢላቸው ስለ ቃሉ ይጠይቁ ነበር።

በዚያው ሳምንት በልጅነታቸው ከእርሳቸው ዘንድ ቅኔ የቈጠሩ፥ በኋላም ወደ አቴና ሄደው ትምህርተ መለኮት የተማሩ አንድ ቀሲስ መምህራቸውን ሊጠይቁ መጡ። ጉልበት ስመው ከተቀመጡ በኋላ መምህሩ ስለ ጤናቸው እንኳ በቅጡ ሳይጠይቁ «ልጄ፥ አንተ የጽርዕን አገር አይተሃል፤ ቴሌ ማለት ምን ማለት ነው?» አሏቸው።

«የኔታ፥ የጽርዕ ቃል ነው፤ ሩቅ፥ በሩቅ፥ ከሩቅ ማለት ነው።»

«እንግዲያስ በግዕዝ እምርሑቅ እንደ ማለት ነዋ!» አሉ መምህሩ፤ ጥቂትም ዝም ብለው «ይኸው፥ ራሱ ስሙ መሰከረበት። ሩቅ ነው፤ ሩቅ!» አሉ። ባለቤታቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው ይህን ሰሙ፤ ነገር ግን አልተናገሩም።

ቀሲሱም የቃሉን ትውልድ በየተራ ነገሯቸው። ቴሌ በጥንቱ የጽርዕ ቋንቋ ራሱን ችሎ የሚነገር ቃል ነበር፤ ከሌላ ቃል ፊት እየገባም ስም ያወጣ ነበር። ሆሜር በሚባለው ባለቅኔ መጽሐፍ የኦዲሴውስ ልጅ ስሙ ቴሌማኮስ ነው፤ ትርጓሜውም በሩቅ የሚዋጋ ማለት ነው። አባቱ ልጁን በሕፃንነቱ ጥሎት ወደ ትሮይ ጦርነት ሄደ፤ ወደ ቤቱም የተመለሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

«የአባቱን መራቅ ለልጁ ስም አድርገው ሰጡት በለኛ» አሉ መምህሩ።

ቀሲሱ ቀጥለውም ይህን ቴሌ ፍጻሜ ከሚለው ከቴሎስ ጋር ማደባለቅ እንደማይገባ አስረዱ። በአውሮፓ ፊደል ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሆሄ ስለሚጻፉ ያልተማረ ሰው አንድ ዘር ይመስሉታል፤ በጽርዕ ግን የሩቁ በረጅሙ ኤ፥ የፍጻሜው በአጭሩ ይጻፋል። ዛሬ በአቴና ያ ረጅሙ ሆሄ ኢ ተብሎ ስለሚነበብ የአገሩ ሰዎች ቴሌ አይሉም፤ ቲሌ ይላሉ። መምህሩ በዚህ ደስ አላቸው፤ «ይህማ ሠረቀና ሰረቀ ነው! ሠዐለና ሰአለ ነው! ሥዕል የሚሥለውንና ምጽዋት የሚለምነውን በአንድ ሰ የሚጽፍ ሰው በእነርሱም አገር አለ ማለት ነው» ብለው ሣቁ። በዚያ ሳምንት ሲሥቁ የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ቃሉ ከብዙ ዘመን እንቅልፍ በኋላ በአውሮፓ የነቃው በመነጽር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1608 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ታወቀ፤ ኢጣልያዊው ጋሊሌዮም እርሱን አሻሽሎ ሰማይን ተመለከተበት። በ1611 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ፌዴሪኮ ቼዚ የሚባሉ መስፍን ለጋሊሌዮ ግብዣ ባደረጉ ጊዜ ጆቫኒ ዴሚሲያኒ የተባለ የጽርዕ ተወላጅ ሊቅ ለመሣሪያው ቴሌስኮፕ የሚለውን ስም አወጣለት፤ ሩቅ ተመልካች ማለት ነው።

ከዚያም ክሎድ ሻፕ የሚባል ፈረንሳዊ ተነሣ። ይህ ሰው ለቤተ ክህነት አገልግሎት የተማረ ነበር፤ በአገሩ የተነሣው አብዮት መተዳደሪያውን ቢያሳጣው ከወንድሞቹ ጋር አንድ ነገር ፈለሰፈ። በየኮረብታው ማማ ሠርቶ በማማው ራስ ላይ የሚንቀሳቀሱ የእንጨት ክንዶች አቆመ፤ የክንዶቹ አኳኋን ፊደል ሆነ፤ አንዱ ማማ ያሳየውን ሁለተኛው በመነጽር አይቶ ለሦስተኛው ያሳይ ነበር። በ1794 ዓ.ም. ከፓሪስ እስከ ሊል ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መሥመር ተፈጽሞ የጦር ሜዳ ድል በዚያው ቀን በዋና ከተማው ተሰማ። ሻፕ በመጀመሪያ ለሥራው ፈጣን ጸሓፊ የሚል የጽርዕ ስም ሊሰጠው ዐስቦ ነበር፤ ሚዮ የተባለ ሹም ግን ሩቅ ጸሓፊ ማለት ይሻላል ብሎ መከረው፤ ቴሌግራፍ የሚለውም ስም ከዚያ ወጣ።

«መካሪው ቅኔ ያውቃል» አሉ መምህሩ። «ፍጥነት ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ፈረስም ፈጣን ነው። የዚህ ሥራ ወርቁ ግን መሮጡ አይደለም፤ ሩቅ መድረሱ ነው።»

በኋላ የእንጨቱን ክንድ ኤሌክትሪክ ተካው። አሜሪካዊው ሞርስ በ1844 ዓ.ም. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በዘረጋው ሽቦ በመጀመሪያ የላከው ከኦሪት ዘኍልቍ የተወሰደ ቃል ነበር። በሽቦ የሚላከውን ጽሕፈት በ1852 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ቴሌግራም እንበለው ሲል፥ የጽርዕ ሰዋስው የሚያውቁ የእንግሊዝ ሊቃውንት በኋላ «የአገባብ ስሕተት ነው፤ በሕጉ ቴሌግራፊም መባል ይገባዋል» ብለው ተከራከሩ። ሕዝብ ግን አልሰማቸውም። ጽርዓውያን ራሳቸው እስከ ዛሬ ቲሌግራፊማ ይላሉ። ቴሌቪዥን የሚለው ስም ደግሞ በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ጉባኤ ፔርስኪ በሚባል ሩስያዊ አፍ ተሰማ፤ እርሱም ፊቱ ጽርዕ፥ ኋላው ሮማይስጥ የሆነ ቃል ነው። ጽርዓውያን ይህን ድብልቅ አልተቀበሉም፤ ሁለቱንም ወገን ከራሳቸው ቋንቋ አውጥተው ቲሌኦራሲ አሉት።

ስለ ቴሌፎን በተነገረ ጊዜ መምህሩ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ስሙ ሩቅ ድምፅ ማለት ነው። ጀርመናዊው ራይስ በ1861 ዓ.ም. ለሠራው መሣሪያ ይህን ስም ሰጥቶት ነበር፤ የሰውን ንግግር አጥርቶ የሚያደርሰውን መሣሪያ በ1876 ዓ.ም. በስሙ ያስመዘገበው ግን ቤል ነው። ቤል ሥራው መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ነበር፤ እናቱም ሚስቱም ጆሮአቸው አይሰማም ነበር።

«እናቱ ድምፁን የማትሰማ ሰው ነው ይህን ያወጣ?» ብለው ጠየቁ መምህሩ።

«አዎን፥ የኔታ።»

በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ቴሌፓቲ የሚል ቃል ፈጠረ። ያለ ቃልና ያለ ምልክት የአንዱ ልብ ለሌላው ይታወቃል ለሚለው አሳብ ያወጣው ስም ነው። ጽርዓውያን ጌታ የተቀበለውን ሕማማት የሚጠሩበት ፓቶስ የሚለው ቃል በዚህ ውስጥ አለበት፤ ቃል በቃል ቢፈታ የሩቅ ሕማም ይሆናል። ቀሲሱ ይህን ብለው ሲያበቁ መምህሩ ወደ ምድጃው ዘወር አሉ። ባለቤታቸው ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር፤ ጢሱ ነው እንዳይባል እሳቱ ቀድሞ ጠፍቷል።

ከጥቂት ዝምታ በኋላ ቀሲሱ ነገሩን ወደ አገር ቤት መለሱት። ጀርመኖች ቴሌፎን የሚለውን በቋንቋቸው ፈትተው ሩቅ መናገሪያ የሚል ቃል ሠርተውለት ነበር፤ ፊቱ ያው ሩቅ ነው። የአይስላንድ ሰዎች ግን ከሩቁ ጋር አልተስማሙም፤ ጥንት ክር ይባልበት የነበረውን ሲሚ የሚል የተረሳ ቃላቸውን ከመቃብር አንሥተው ስም አደረጉት። የኢትዮጵያም ሰው እንደዚያው አደረገ። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መሥመር በ1894 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ማዘርጋት ጀመሩ። በቤተ መንግሥት በመጀመሪያ በተሰማ ጊዜም አንዳንድ ካህናት ሥጋ የሌለው ድምፅ የርኩስ መንፈስ ነው ብለው እንደ ፈሩ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ሥራውን እንዳልተዉት በአፍ ይተረካል። ሕዝቡ ግን ለነገሩ ያወጣለት ስም ከዐረብ ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ስልክ አለው፤ ስልክም በዐረብኛ ሽቦ፥ ክር ማለት ነው። ዐረቦቹ ራሳቸው ዛሬ ሃቲፍ ይሉታል፤ ይህም በጥንት አነጋገራቸው አካሉ ሳይታይ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ጠሪ ማለት ነበር።

«እንግዲህ የኔታ፥ ስሙ ሦስት ነው» አሉ ቀሲሱ። «ጽርዓዊው በመካከል ያለውን ገደል አይቶ ሩቅ አለው፤ ዐረቡ ጠሪውን ሰምቶ አካሉን ስላጣ ሃቲፍ አለው፤ የአገርዎ ባላገር ደግሞ ከገደሉ በላይ የተዘረጋውን አይቶ ክር አለው። ዛሬ ሽቦው ቀርቷል፤ የእጅ ስልክ ክር የለውም፤ ስሙ ግን ክር እንዳለ ነው። መጥሪያውንም ቢሆን ደወለ ይሉታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ወስደውት ነው። ደወልም ሥጋ የሌለው ድምፅ አይደለምን? ከኮረብታ ላይ ይጠራል፤ የሚሰማውም ባለበት ሆኖ ያማትባል።»

መምህሩ መልስ አልሰጡም። ቀሲሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐዋርያው ጳውሎስ የቈላስይስን ሰዎች በሥጋ አላያቸውም ነበር፤ እጁም ከእነርሱ ዘንድ አልደረሰም፤ እርሱ በእስራት ሳለ ሰላምታውንና ቡራኬውን በጽሕፈት ላከላቸው። ያም ቡራኬ እነሆ በየቅዳሴው ይነበባል» አሉ።

«ጽሕፈት ሌላ ነው» አሉ መምህሩ፤ ነገር ግን እንደ ልማዳቸው አልጸኑበትም።

ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት ባለቤታቸው ተናገሩ። «እርስዎ ቴሌ ማለት ሩቅ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንግዲያስ ቴሌ ብር የሚሉት ምንድር ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1945 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ከቆመ ጀምሮ ሕዝቡ ረጅሙን ስም ቈርጦ ፊቱን ብቻ አስቀረው፤ ቴሌ በአማርኛ ራሱን የቻለ ስም ሆነ፤ ቴሌ ሄደ፥ ቴሌ ተቀጠረ ይባላል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው ሥራ በተከፈተ ጊዜ ቴሌ ከብር ጋር ተጋባና ቴሌብር ተባለ፤ ፊቱ ጽርዕ፥ ኋላው ግዕዝ።

«ሩቅ ብር መሆኑ ነዋ» አሉ መምህሩ።

«አዎን፥ ሩቅ ብር ነው» አሉ ሴትዮዋ። «የጉባኤ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ በክረምቱ ሲለወጥ ገንዘቡን ከምእመናን ተገኘ ብዬ አታልዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በዚህ በሩቅ ብር ነው የመጣ። ተማሪዎችዎ ዝናብ ሳይነካቸው ግስ የሚቈጥሩት በእርስዋ ጕልበት ነው። ብርዋ ከሩቅ ሲደርስ ድምፅዋ ለምን አይደርስም?»

በቤቱ ውስጥ የሚናገር ጠፋ። ቀሲሱ ዐይናቸውን ከመሬት ላይ ተከሉ። መምህሩ ተነሥተው ወጡ፤ ወደ ወይራው ግን አልሄዱም፤ ከጉባኤ ቤቱ ገብተው ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ለብቻቸው እስኪመሽ ተቀመጡ።

በዚያ ሌሊት ያሰቡት በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈው የዚያ ሹም ነገር እንደ ነበር በኋላ ለተማሪዎቻቸው ተናግረዋል። ሹሙ ልጁ በቅፍርናሆም ታምሞበት ወደ ቃና መጣ፤ ጌታንም ውረድና ፈውስልኝ ብሎ ለመነው። ጌታም አልወረደም፤ በእጁም አልዳሰሰም፤ ቃልን ተናገረ እንጂ። ቃሉ በቃና ወጣ፤ ንዳዱ በቅፍርናሆም በዚያው ሰዓት ለቀቀ። «ስድሳ ዓመት አንብቤው ሳለ የአባቱን መድከም እንጂ የመንገዱን ርዝመት ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር» አሉ።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ስልኩ ደወለ። ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው አነሡትና ቀና ብለው ቢያዩ መምህሩ ከመደቡ አልተነሡም፤ መቋሚያቸውም ከግድግዳው እንደ ተደገፈ ነው። ሴትዮዋ ቃል ሳይናገሩ ስልኩን ዘረጉላቸው። እርሳቸውም መስቀል እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«እማዬ» አለች ልጂቱ።

መምህሩ ጕሮሯቸውን ጠረጉ። «አባትሽ ነኝ» አሉ።

ከወዲያ በኩል ለጊዜው ልቅሶ እንጂ ቃል አልተሰማም። መምህሩ እስኪበርድላት ታገሡ፤ ከዚያም አባት ልጁን ሲያሰናብት የሚመርቀውን ሦስት ዓመት ሙሉ የዘገየውን የመንገድ ምርቃት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መረቋት፤ እርስዋም በየመካከሉ አሜን አለች። በፈጸሙም ጊዜ «ምን በላሽ?» ብለው ጠየቋት።

በማግሥቱ በጉባኤ ቤት ያስቈጠሩት ግስ ርሕቀና ቀርበ ነበር። ርሕቀ በአማርኛ ሐውን ውጦ ራቀ እንደ ተባለ ነገሯቸው፤ ቀጥለውም ከሰዋስው ወጥተው በቅኔ መንገድ እንዲህ አሉ፦ «የራቀን ሁለት ቀለም ገልብጣችሁ ብታነቡት ቀረ ይወጣል፤ የራቀ ሰው ቀረ እንዲባል። ነገር ግን በቀረ ላይ አንዲት በ ብትጨምሩበት ቀረበ ይሆናል። በመቅረትና በመቅረብ መካከል ያለው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ይህ የቃሉ ዘር አይደለም፤ ዘር ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይሳሳታል። ለራሱ ብሎ የሚያስብበት ግን አይሳሳትም።»

ቃላት ከሩቅ አገር መምጣታቸው አይቀርም፤ የሚመጡትንም ሁሉ መመለስ አይቻልም። ለተቀባዩ የቀረለት ሥራ ዘራቸውን ጠይቆ መለየት፥ ከገቡም በኋላ ለመልካም ነገር ማገልገላቸውን መመልከት ነው። ጽርዓዊው ሩቅ ብሎ የሰየመውን ባላገሩ ክር ብሎ ጠርቶታል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ሩቅ ባይኖር ክር ባላስፈለገ፤ ክሩም በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ ክር አይሆንም፤ በሁለቱም ጫፍ የሚይዘው እጅ ይፈልጋል።